ዜሮ ቅሬታ

የግቢያችን የኔትወርክ ዳይሬክተር የራሱ ስም አለው፤ እኛ ግን «መቶ በመቶ» ነው የምንለው። ዘጠና ዘጠኝ የሚባል ቁጥር ያመዋል። ምላሱ ጤፍ ይቆላል፤ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ሲናገር የተበላሸው ፕሪንተር እንኳ የሚሠራ ይመስልሃል። በሥሩ ከምንሠራ መሐንዲሶች አንዱ እኔ ነኝ።

ያኔ የያዘው ነገር አሮጌውን ዋይፋይ ማጥፋት ነበር። ሐሳቡን አልጠላሁትም። የድሮ መሣሪያ የሚግባባው በድሮው የዋይፋይ ዓይነት ብቻ ነው፤ አነጋገሩም እጅግ ቀርፋፋ ነው። እሱ አንዷን ነገር ተናግሮ እስኪጨርስ አዲሶቹ ላፕቶፖችና ስልኮች ሁሉ ተራ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ይዘጋ ሲባል አሜን ብያለሁ። የናቅሁት አዘጋጉን ነው።

መቶ በመቶ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴውም ተሰብስቦ፣ ተጨንቆ፣ ተጠቦ አንድ ዘዴ ወለደ። በየሕንጻው ያሉት የዋይፋይ ማሰራጫዎች አንድ ወር ጆሯቸውን ጥለው ያዳምጣሉ፤ በዚያ ወር በድሮው ዋይፋይ የተናገረ መሣሪያ «አለ» ይባላል፣ ያልተናገረ «የለም»። ያለው በአዲስ ይተካል፣ የሌለው ይረሳል። የሕዝብ ቆጣሪ በር አንኳኩቶ ያልከፈተለትን ሁሉ ሞቷል ብሎ ቢሄድ ማለት ነው። ይህን ካሰቡት መካከል ሦስቱ ዶክተሮች ናቸው።

ታናሽ እህቴ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በባዮሎጂ ሕንጻ ምድር ቤት ትሠራለች። ተመራማሪ ናት። አንድ ትልቅ ፍሪዘር አላት፤ በውስጡ ደም ማነስ ከያዛቸው ነፍሰ ጡሮች ቤት ለቤት እየዞረች የሰበሰበችው ደም በትንንሽ ብልቃጦች ተደርድሯል። ሴቶቹ ከወለዱ ቆይተዋል፤ አንዳንዶቹም ዛሬ በሕይወት የሉም። ያ ደም ከቀለጠ ዳግመኛ የሚቀዳበት ቦታ የለም። ፍሪዘሩ ላይ አንዲት የማንቂያ ሳጥን ተለጥፋለች። የድሮ ዕቃ ናት፤ ባትሪዋን ለመቆጠብ ዓመቱን ሙሉ ትተኛለች። ፍሪዘሩ ሲሞቅ ብቻ ትነቃና በድሮው ዋይፋይ ለእህቴ ስልክ መልእክት ትልካለች። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፤ የሳጥኗም ዝምታ ደህና ነው ማለት ነው።

ይህንኑ ለመቶ በመቶ አስረዳሁት። ወይ ሳጥኗ ትተካ፣ ወይ ሌላ እስክትገዛ ምድር ቤት ያለው አንድ ማሰራጫ ብቻ ባለበት ይቆይ አልኩት። አንድም ከቀረ መቶ በመቶ አይሆንም አለኝ። መሣሪያዋ በቆጠራው ከታየች ያለ ጥያቄ ትተካለች፤ ካልታየች ግን ለሌለ ዕቃ ምትክ መግዛት አይቻልም ብሎ ጨመረ። እንዲህ ሲል ፊቱ ላይ የሐፍረት ቅንጣት አልነበረም።

ለእህቴ ነገርኳት። ሳጥኗ እንድትቆጠር መጮህ አለባት፣ እንድትጮህ ደግሞ ፍሪዘሩ መሞቅ አለበት። የሙቀት መለኪያው ከፍሪዘሩ ሆድ ውስጥ የተጣበቀ ስለሆነ ሌላ መላ አልነበረም። እህቴ በሩን ከፈተችና እጀታውን ጨብጣ ቆመች። ብልቃጦቹ ማላብ ሲጀምሩ ከንፈሯን ነከሰች። በመጨረሻ ሳጥኗ ነቅታ ጮኸች፤ መልእክቱም ስልኳ ላይ ደረሰ። በሩን ዘግታ ወደኔ ዞረች።

«አሁን አለን ማለት ነው፣ ወንድሜ?»

አዎ አልኳት። ሞኝ ነኝ።

ቆጠራው ሲያበቃ ኮሚቴው የሳጥኗን ጩኸት አገኘው። አንድ ጊዜ ብቻ የተናገረ መሣሪያ ግን «ጊዜያዊ ግርግር» ነውና ከቆጠራው ይውጣ ብሎ ወሰነ። ተከራከርኩ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ለእህቱ ያደላል ተባልኩ፤ የማሰራጫዎቹ መቆጣጠሪያ የይለፍ ቃልም ተቀየረብኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ የኔም ወንድምነት እንደዚያው ሆነ።

የሚጠፋበት ቀን ሲደርስ አዳራሹ በአበባ ተሞላ። ላልተሠራ ነገር ሪባን ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ለሚጠፋ ነገር ሲቆረጥ ግን ያኔ ነው ያየሁት። መቶ በመቶ ማጥፊያውን በአንድ ጣቱ ተጫነ፤ የድሮው ዋይፋይ በግቢው ሁሉ ጸጥ አለ።

ከዚያ ወዲህ እህቴ ጠዋት ማታ ፍሪዘሩን በዓይኗ ታየው ጀመር። አዲስ ሳጥን በራሷ ክፍል በኩል ጠይቃ መልስ ትጠብቅ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ግን ሕንጻው ይቆለፋል፣ ዘበኛው ማንንም አያስገባም። ፍሪዘሩም ለመበላሸት ያንኑ ጠበቀ። ሰኞ ጠዋት በሩን ስትከፍት ወለሉ ውሃ ነበር፤ የብልቃጦቹም ደም ሁሉ ቀልጦ ተበላሽቷል።

በዚያው ጠዋት እኛ ስብሰባ ላይ ነበርን። መቶ በመቶ የሥራውን ውጤት በፕሮጀክተር እያሳየ መጨረሻው ላይ ደረሰ፤ ግድግዳው ላይ በትልልቁ «ከተዘጋ ወዲህ ከአሮጌ መሣሪያዎች የደረሰ ቅሬታ፦ ዜሮ» ይላል። ተጨበጨበ። መጮኺያውን ደፍነህበት አልጮኸም ብለህ ማጨብጨብ እንዲህ ነው።

ጭብጨባው ሳያልቅ እህቴ ገባች። ሳጥኗን ከፍሪዘሩ ላይ ነቅላ ይዛታለች፤ ቀይ መብራቷ አሁንም ብልጭ ድርግም ይላል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት።

«ቅዳሜም እሁድም ስትጣራ ነበር» አለች። «የሚሰማት ጠፋ እንጂ።»

ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ የሞቱትን እናቶች ሳይቀር። መቶ በመቶ ሳጥኗን አየ፤ ዞሮ ግድግዳውን አየ። እኔ፣ የዋሁ፣ ያቺን ዜሮ ሊያጠፋት ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ማዘኑንስ አዝኛለሁ» አለ። «ግን ቅሬታው የመጣው ከሰው ነው፣ ከመሣሪያ አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩ አይነካም።»

ኮሚቴው ራሱን ነቀነቀ። እህቴ ግን አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ሳጥኗን ገለበጠች፣ ክዳኗን በጥፍሯ ከፈተች፣ ባትሪዋን አወጣች። ቀዩ መብራት ጠፋ።

«በሉ፣ አሁን ቁጥርዎ ልክ ሆነ» አለችው።

መቶ በመቶም ስለ ትብብሯ አመሰገናትና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።