መዛኟ ልቅሶ ቤት መጣች

አጎትየው መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ወደ ደጅ አየ። ከየጎረቤቱ በተለቀሙት ወንበሮች መካከል እየተሽሎከለከ መጣና በሹፌሯ ጆሮ፣ «መጣችልሽ» አላት።

ሹፌሯ የሟች ታላቅ እህት ናት። የከተማ አውቶብስ ስትነዳ ስለኖረች ዘመድ ሁሉ በሥራዋ ነው የሚጠራት። እህቷን የቀበረችው ገና ከትናንት ወዲያ ነው። «ማን?» ብላ አልጠየቀችም። መዛኟ ናት። ወላጆች ልጅ ለማሳደግ ይበቁ እንደሆነ ለማየት የሕፃናት ጉዳይ ቢሮው ወደየቤቱ የሚልካት ሴት። ሟችን ስትመዝን ከርማለች፤ አሁን ደግሞ ተረኛዋ ሹፌሯ ነች። የእህቷ ልጅ ሚጣ አባቷን አታውቅም። ሹፌሯ ካልበቃች ማሳደጊያ ትገባለች።

«ልቅሶ ቤት ነው፣ ሌላ ቀን ነይ ብንላትስ?»

«በር ዘጋችብኝ ትላለች» አለ አጎትየው። ጸጉር አስተካካይ ነው፤ ምክሩ ሁሉ ከወንበሩ አይርቅም። «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። ምላጭ አንገቱ ላይ ሳለ ከአስተካካዩ ጋር የሚከራከር ደንበኛ እስከ ዛሬ አላየሁም።»

«ዝም ባይነቅዝም እኔ ነቅዣለሁ።»

«ከሄደች በኋላ ትነቅዣለሽ።»

መዛኟ ገባች፤ እግዜር ያጥናችሁ ብላ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ሻይ ሲቀርብላት ከምትመዝነው ቤት ምንም መቅመስ እንደማይፈቀድላት በትህትና ነገረቻቸው፤ እኔ እንደሌለሁ ሆናችሁ ቀጥሉ አለች። እንግዶቹ ግን እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ ስለ ሟች ሲያወሩ፣ አንዳንዴም ሲስቁ ነበር።

ሟች ልብስ ሰፊ ነበረች። እቤቷ ውስጥ የሙሽራ ቀሚስ ትሰፋለች፤ መርፌውን በከንፈሯ ይዛ ትቀልዳለች፤ ደንበኞቿ አንድ ቀን ትውጪዋለሽ እያሉ ይቆጧታል። የሚጥል በሽታ ነበረባት። አንድ ጊዜ ሆስፒታል ስትተኛ ሚጣ ጎረቤት አደረች፤ ይኼ ቢሮው ጆሮ ደረሰና ምዘናው ተጀመረ።

መዛኟ መጀመሪያ ስትመጣ ቀን ነግራ ነበር። ሟች ቤቱን ስታጥብ አድራ፣ ሚጣን አሰማምራ ጠበቀቻት። ከምሳ በኋላ ግን እንደ ልማዷ መድኃኒቷን ወሰደች፤ መድኃኒቱ ደግሞ እንቅልፍ ያመጣል። ያን ጊዜ የተጻፈው ሐሳብ «እናት በቀን ትተኛለች፤ ልጅ ብቻዋን ትጫወታለች» ይላል። ከዚያ ወዲህ መዛኟ በምትመጣበት ዕለት ሟች መድኃኒቱን መዝለል ጀመረች። ዓይኗ ፈጥጦ፣ እየሳቀች፣ ከሚጣ ጋር ወለል ላይ ስትንከባለል ትውላለች። «በጎ ለውጥ» ተባለላት። ከዚያ ምዘናው ሳይነገር በድንገት እንዲሆን ቢሮው ወሰነ። ያኔ ጭራሹን ተወችው፤ በመጨረሻም በሽታው ጥሏት ሳትነሳ ቀረች።

ሹፌሯ ይህን ያወቀችው ለእህቷ የመቀበሪያ ልብስ ስትፈልግ ነው። መድኃኒቱ ከነእሽጉ፣ ከተረፈ ዳንቴል ሥር ተደርድሮ ተቀምጧል።

መዛኟ ጥያቄዋን ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረች። ፈረቃሽ ስንት ሰዓት ያልቃል፣ ልጅቷን ከትምህርት ቤት ማን ይመልሳታል፣ የት ትተኛለች አለቻት። ሹፌሯ ጥርሷን ነክሳ ሁሉንም መለሰች። ፈረቃዋን ለውጣለች፤ የምትመልሳት ራሷ ናት፤ አልጋም ገዝታለች። አጎትየው ከወዲያ ሆኖ እሰይ በሚል ዓይን ያያታል።

መዛኟ በሟች የስፌት መኪና አጠገብ ወደ ቆመችው ሚጣ ዞር አለች።

«ከመጣሁ ጀምሮ አላለቀሰችም። በቀደም ቀብሩ ላይ ስመጣም አላለቀሰችም። ከእናቷ ጋር የነበራት ቅርበት ላላ ያለ ይሆን እንዴ?»

ሹፌሯ ወደ መዛኟ ቀና አለች። አጎትየው አንዴ ሳለ፤ ደግሞ ሳለ።

«እህቴ መድኃኒቷን ለምን እንደተወች ያውቃሉ?» አለች ሹፌሯ። አልጮኸችም። «በቀን ትተኛለች ብለው ስለጻፉባት ነው። መጀመሪያ እርስዎ በሚመጡበት ቀን ብቻ ነበር የምትተወው። ሳይናገሩ መምጣት ሲጀምሩ የትኛውን ቀን ትምረጥ?»

መዛኟ ፊቷ ተለወጠ። «እንቅልፉ ከመድኃኒት መሆኑን አልነገረችኝም።»

«በሽተኛ ናት ብለው እንዲጽፉባት?»

«እኔ የማየውን ነው የምጽፈው፣ እህቴ።»

«እኔም መስታወት እያየሁ ነው የምነዳው። መስታወቱ የማያሳየኝ ቦታ እንዳለ ካልገባኝ ግን ሰው እገድላለሁ።»

አጎትየው ዓይኑን ጨፈነ። መዛኟ አንገቷን ደፍታ መጻፍ ጀመረች። ቁጣዋን መቆጣጠር አትችልም ብላ ይሁን ሌላ፣ ማንም አያውቅም። ሹፌሯ እጇን እያየች ተቀመጠች። ልጅቷን አሁን በአፌ አጣኋት አለች በሆዷ፤ ደግሞ መልሳ፣ ብናገርም ባልናገርም እህቴን ወስደዋታል አለች።

ሚጣ ቀስ ብላ መጣችና የአክስቷ ጉልበት ላይ ተንጠልጥላ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«ሴትዮዋ መቼ ነው የምትሄደው?»

«ምነው፣ የኔ እናት?»

«ማልቀስ እፈልጋለሁ። እሷ እያለች አይለቀስም ብላኛለች እማዬ። ካለቀስሽ ይወስዱሻል ብላኛለች።»

በሹክሹክታ ነበር የተናገረችው፤ ግን ቤቱ ጭጭ ብሎ ስለነበር መዛኟም ሰማች። እስክሪብቶዋ ቆመ።

ሹፌሯ ብድግ አለች። ወንበሯን አንስታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችና ሚጣን እንዳቀፈች ተቀመጠችበት። ሰፊ ጀርባዋ መዛኟን ጋረዳት። የካፖርቷን ቁልፎች ፈትታ ልጅቷን ከነጭንቅላቷ አስገባቻትና ከላይ በሁለት እጇ ከደነችው። ከካፖርቱ ውስጥ በመጀመሪያ እንደ ሳል ያለ ትንሽ ድምፅ ወጣ።