በአራተኛው ዘፈን የገባችው ድመት

ሥራዬ እንከን ማዳመጥ ነው። ሙዚቃ ቤታችን አዲስ ቅጂ ለገበያ ከማውጣቱ በፊት እኔ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ እቀመጥና ሳል፣ የወንበር ሲጥታ፣ የወረቀት ኮሽታ የሰማሁበትን ደቂቃና ሰከንድ ቅጽ ላይ እሞላለሁ። ኖታ ማንበብ አልችልም፤ ከትምህርት ጋርም ስምንተኛ ክፍል በር ላይ ተሰነባብተናል። ጆሮዬ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ተቀምጬ ምድር ቤት ያለ ጉንዳን ሲያስነጥስ ሰምቼ "ይማርህ" ብዬዋለሁ። ያላመነ ጉንዳኑን ይጠይቅ።

ባለፈው ወር የደረሰኝ ስድስት ተያያዥ ዘፈኖች ያሉበት ሥራ ነበር፤ አንድ ድምፃዊ ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር። ድምፃዊውን በልቤ "በርሜሉ" እለዋለሁ፤ ደረቱም ድምፁም በርሜል ነው። አራተኛው ዘፈን መሀል ላይ ኦርኬስትራው ጸጥ ይልና አንዲት ቪዮላ፣ የቫዮሊን ታላቅ እህት፣ ብቻዋን ታጅበዋለች። ቪዮላዋን የምትጫወተው ባለቤቴ ናት። እዚያ ኦርኬስትራ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ከሌሎች ኋላ ተቀምጣ ስትጫወት ኖራ፣ ለብቻዋ ሲሰጣት ይሄ የመጀመሪያዋ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች ላይ እንከን አጣሁ። አራተኛው ላይ ሁለተኛው ደቂቃ፣ አሥራ አንደኛው ሰከንድ ስደርስ ሁለቱ እኩል ተነፈሱ። እሱ ሊዘፍን፣ እሷ ቀስቷን ልትስብ። አንድ ትንፋሽ ከሁለት አፍንጫ። አሥር ጊዜ መልሼ ሰማሁት። እኔና እሷ አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ አሥራ አንድ ዓመታችን ነው፤ አንድም ቀን እኩል ተንፍሰን አናውቅም። እንዲያውም አንኮራፋህ ብላ በክርኗ ነው የምትጎስመኝ።

"ትንፋሽ" ብዬ ብጽፍ የድምፅ ባለሙያው መሳቂያ ያደርገኛል። ቅናቱ ግን እጄን ያዘና "2፡11፣ የድመት ድምፅ" ብዬ ጻፍኩ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ቀልድ ነው እላለሁ ብዬ ነበር።

ባለሙያው መጥቶ ማዳመጫውን አጠለቀ። "የቱ ጋ ነው?"

"አይሰማህም እንዴ?" አልኩት ኮስተር ብዬ።

ዓይኑን ጨፈነ። በዚያ ቤት ከኔ ጆሮ በታች መሆን የሚፈልግ የለም። "አዎ፣ ቀጠን ያለች ናት" አለ።

ሥራ አስኪያጁ ተጠሩ። እሳቸው ደግሞ ሁሉንም በልጠው ካልተገኙ ምሳ አይበሉም። "ገና ልጅ ናት" አሉ፤ "እናቷን ፈልጋ ነው።"

እዚያው ተወሰነ፤ አራተኛው ዘፈን እንደገና ይቀረጽ። ለልምምዱም ባለቤቴና በርሜሉ ሳምንቱን ሙሉ ለሁለት ብቻ አንድ ክፍል ተሰጣቸው። አየህ የኔን ብልጠት።

በመጀመሪያው ቀን ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ "ስቱዲዮው ውስጥ ድመት ከየት ይመጣል?" አለችኝ። "የኔ ክር ነው እንደ ድመት ያላዘነው ማለት ነው።"

"ማን አለ?"

"ማንም አላለም። ሁሉም ግን ጣቴን ያያሉ።"

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

"አይዞሽ ያለኝ እሱ ብቻ ነው" ስትል መልሼ ገጠምኩት።

ሰኞ አዲሱ ቅጂ መጣ። በርሜሉ ብቻውን ተነፈሰ። እሷ ዘግይታ፣ የተሰነጠቀ ብርጭቆ እንደያዘ ሰው እየፈራች ገባች። እንከን የለውም፤ ነፍስም የለውም። የፈለግኩት ይኸው ነበር። ከፈረምኩበት ግን አሥራ አራት ዓመት የጠበቀችው ነገር ይሄ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። "ጋሼ፣ መጀመሪያው ላይ ድመት አልነበረም። እኔ ነኝ የፈጠርኳት።"

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "በገዛ ጆሮዬ የሰማኋትን?"

ወደ ባለሙያው ዞርኩ። "እኔማ ጭራዋን ስትቆላ ሁሉ ሰምቻለሁ" አለ።

ድመቷን የሚገድልልኝ ጠፋ። ተመልሼ በአዲሱ ቅጂ ቅጽ ላይ "2፡13፣ ሁለት ድመቶች፣ ሲጣሉ" ብዬ ጻፍኩ።

ሁለቱም መጥተው በየተራ አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄስ ብሷል" አሉ ሥራ አስኪያጁ። "አንዷን ማን ይሰማታል? የመጀመሪያው ይውጣ።"

ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ ባለቤቴ ወጥ ቤት ሳህን ታጥባለች። የመጀመሪያው እንደተመረጠ፣ ክሯ እንዳላላዘነ፣ ድመቷም የኔ ውሸት እንደሆነች አንድ በአንድ ነገርኳት።

"ለምን?" አለች።

"እኩል ተነፈሳችሁ።"

የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። "እኩል ካልተነፈስን እንዴት እኩል እንጀምራለን? ሙዚቃ ቤት ስንት ዓመትህ ነው አንተ?"

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ስልኳን አንስታ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋችው። ለኔ ጆሮ በር ምን ያደርጋል? ከስልኩ ወዲያ ማዶ በርሜሉ "ሃሎ" ከማለቱ በፊት የሳባትን አየር ሳይቀር ሰማሁ።

"የኛው ተመረጠ" አለችው።

የኛው። የቀሩትን ሳህኖች ማጠብ ጀመርኩ።