«ይችላል» ያልኩት ካምቢዮ

የእህቴ የቬርና ባል ኦርቪል ፒክአፗን ወደ ጋራዤ ያመጣት ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ትንሽ ባለ አራት ሲሊንደር ናት። ሜዳ ላይ ደኅና ትሮጣለች፤ የኦቾኮን ተራራ ዳገት ስትወጣ ግን ግንድ የጫኑ መኪኖች ከኋላዋ ተሰልፈው ጥሩንባ ይነፉባታል። ቬርና ልቧን ስለሚያማት በየሁለት ሳምንቱ ያን ተራራ ተሻግረው ሐኪም ቤት ይሄዱ ነበር።

«ጉልበት ጨምርልኝ» አለኝ ኦርቪል። «በዚህ አካሄድ መንገድ ላይ ማርጀታችን ነው።»

«አሁንስ ወጣት ነህ እንዴ?»

«ካንተ እሻላለሁ። እኔ ቢያንስ ፀጉር አለኝ።»

ከተገለበጠ ቫን ያወጣሁት ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነበረኝ። በዐሥር ቀን ገጠምኩት። ካምቢዮው ግን የድሮው ነው፤ ለትንሹ ሞተር የተሠራ። ጥርሶቹ ያን ሁሉ ጉልበት ብዙ እንደማይሸከሙ አውቃለሁ፤ አርባ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው። የሚስማማውን ለማግኘት አንድ ወር መጠበቅ ነበረብን። እኔ ደግሞ አዲሱ ሞተር ሲያጓራ ሰምቼ ልቤ አብጧል።

«ካምቢዮው ይችለዋል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ይችላል» አልኩት።

አራት ወር ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣችው። ምግብ ቤት ለማገኘው ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ።

በየካቲት ቬርና ድንገት ሕመሙ ጠናባትና አምቡላንስ ወሰዳት። ኦርቪል በፒክአፗ ተከተለ። ተራራው አጋማሽ ላይ የካምቢዮው ጥርስ ረገፈ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይዞርም። ስልክ በማይሠራበት፣ በረዶ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆመ። በመጨረሻ አንድ የግንድ መኪና ሾፌር አሳፍሮት ሐኪም ቤት ሲደርስ እህቴ ካረፈች አርባ ደቂቃ ሆኗታል። «ኦርቪል የት ደረሰ?» ስትል እንደነበር ነርሷ ነገረችው።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጧል።

«ራስህን አትውቀስ» አለኝ ገና ሳያስቀምጠኝ። «አሮጌ ዕቃ ነው፤ ይሰበራል።»

ዝም ብል ይቀለኝ ነበር። አልቻልኩም።

«አውቅ ነበር፣ ኦርቪል። ‹ይችላል› ስልህ እንደማይችል አውቅ ነበር።»



«ይሄን ባትነግረኝ ጥሩ ነበር» አለና ተነሥቶ ገባ።

ትክክለኛውን ካምቢዮ ፈልጌ ገጠምኩና ፒክአፗን በሩ ላይ አቆምኩለት። አንድ ቀን እንኳ ሳይነዳት ለአንዲት አስተማሪ ሸጣት። መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያልፈኛል። አስተማሪዋ አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች።

«ዳገቱን እንዴት እንደምትወጣው ብታይ!» ትለኛለች።

«ደስ ይላል» እላትና ስልኩን እዘጋለሁ።