ትንሽ ዘገየ

...ዕድል ቢሉት ምናለበት፣ ችሎታ ነው ይላል ደግሞ፣ ይሄን እያለ የሚከራከር ሰው አገጭ ላይ ምላጭ ይዞ መቆም ነው የቀረኝ፣ ቀና በል እለዋለሁ፣ ቀና ይላል፣ አፉ ግን አይዘጋም። የአውቶብስ ሾፌሩ ነው፣ በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል፣ ግማሽ ፊቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው፣ ትናንት ቀጭኑ የሚሉት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች እንደገና ከመሃል ሜዳ ወርውሮ አግብቷልና ዛሬ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ሁለቴ ያገባ ሰው ዕድለኛ አይባልም፣ ይላል። አግዳሚው ላይ ተራቸውን የሚጠብቁት ጡረተኛው የሂሳብ መምህር መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ሺህ ጊዜ ቢወረውር ስንቱን ያገባል፣ እሱን ንገረኝ፣ ይሉታል፣ ሾፌሩ ሺሁን ማን አየው ይላል፣ መምህሩ የመከላከልን ነገር ያነሳሉ፣ ጥሩ ተከላካይ ማለት ሰውየውን መጥፎ ኳስ እንዲወረውር የሚያስገድድ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው የፈጣሪ ሥራ ነው፣ ይላሉ፣ የሚመጣውን አውቀዋለሁ፣ የትናንቱ የዛሬ ሦስት ዓመቱን ሳይጎትት አይቀርም።

መጣ። ያኔም እኮ ግንቡ ባይዘገይ ኖሮ፣ ይላል ሾፌሩ፣ ከዚያ ትዝ ይለዋል፣ በመስታወቱ ውስጥ ያየኛል፣ አይክፋህ ወንድሜ፣ ግን አንተው ራስህ ብለኸዋል፣ በሬዲዮ በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ።

ብያለሁ። ምን ልበል ታዲያ፣ ብያለሁ።

ግንቡ ታናሽ ወንድሜ ነው። ስም ያወጡለት ደጋፊዎቹ ናቸው፣ የነቀሉትም እነሱ፣ አስራ አንድ ዓመት ለአንድ ክለብ ተጫውቶ ያገባውን ነጥብ የሚያስታውስ የለም፣ ሥራው ማገድ ነበረ፣ ሌላው እንዳያገባ፣ ክርኑ እየተላጠ፣ ጉልበቱ ሁለቴ እየተቀደደ፣ ላገባ ይጨበጨባል፣ ላላስገባ ማን ያጨበጭባል። የዋንጫው ጨዋታ ቀን በአንድ ነጥብ እንበልጣለን፣ ሁለት ሰከንድ ቀርቷል፣ የተጋጣሚያችን ቀጭኑ መሃል መስመሩ ላይ ኳሷን ያዛት፣ ወንድሜ እጁን ዘርግቶ ዘለለ፣ ኳሷ በላዩ አለፈች፣ ቦርዱን መታች፣ ቀለበቱ ላይ ሁለቴ ተሽከረከረች፣ ገባች። በቃ። ስወጣ በሩ ላይ የሬዲዮ ጋዜጠኛው ማይኩን ደቀነብኝ፣ እንደ ወንድም ምን ትላለህ አለኝ፣ እንደ ወንድም፣ እኔ ደግሞ እንደ ዳኛ መለስኩለት፣ ለወገኑ አዳላ እንዳልባል፣ ትንሽ ዘገየ። ሁለት ቃል። የቡድኑ አውቶብስ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር ለካ፣ የሰማው እዚያ ተቀምጦ ነው፣ ማሊያውን እንኳ ሳይቀይር።

በማግስቱ እናታችን ቤት ምሳ ላይ ተገናኘን። አልተቆጣም። ወንድም ጋሼ፣ ነክቻት ነበር፣ አለኝ ቀስ ብሎ፣ የቀኝ እጁን መሃል ጣት እያሳየኝ፣ ጫፉ ላይ ተሰምቶኛል፣ አለ። ሳቅሁ። አፌ ውስጥ ምግብ ነበረ፣ እየዋጥኩ ሳቅሁ፣ የተሸነፈ ሁሉ ነክቻት ነበር ነው የሚለው አልኩት፣ እናታችን ተው እንጂ አለችኝ፣ እሱ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፣ ጭኑ ላይ አስቀመጠው፣ ሳህኑን ሳይጨርስ ወጣ። ከዚያ ክለቡን ለቀቀ። አሁን የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይደረድራል፣ ረጅም ስለሆነ ላይኛው መደርደሪያ ይደርሳል ብለው ደስ ብሏቸው ነው የቀጠሩት አሉ። እናታችን ስትሞት ሳጥኑን አብረን ተሸከምን፣ እሱ በቀኝ እኔ በግራ፣ ደረጃ አለ፣ ቀስ፣ አለኝ፣ ያን ቀን ያለኝ ይኸው ነው፣ ደረጃ አለ፣ ቀስ።

ና እስቲ ይሄን እየው፣ ይላሉ መምህሩ። ስልካቸውን ዘርግተዋል፣ የልጅ ልጃቸው ልካላቸው፣ ያኔ ከቅርጫቱ ኋላ ተቀምጦ የነበረ ተመልካች የቀረጸው ነው፣ በትናንቱ ምክንያት ዛሬ ጠዋት ለቆታል፣ እንዲህ አድርገህ አዘግየው ይሉኛል፣ እጄን በፎጣ እጠርጋለሁ፣ አዘገየዋለሁ፣ ወንድሜ ይነሳል፣ አቤት አነሳሱ፣ ቀጭኑ ገና ሳይለቃት እሱ አየር ላይ ነው፣ ኳሷ ከእጅ ትወጣለች፣ ጣት፣ መልሼ አየዋለሁ፣ የመሃል ጣት፣ ኳሷ ወዲህ ስትሽከረከር ቆይታ ድንገት ወዲያ ትሽከረከራለች። አልዘገየም። መምህሩ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ስክሪኑ ላይ መስመር ያሰምራሉ፣ ባይነካት ኖሮ በዚህ አድርጋ ከቦርዱ በላይ ታልፍ ነበር፣ ይላሉ።

ዝም ብል ምን ነበረበት። ግን ደስታ ይሁን ሌላ አላውቅም፣ አልዘገየም፣ እላለሁ ጮክ ብዬ፣ ወንድሜ ነክቷታል፣ ያኔም ነግሮኝ ነበር፣ ስልኩን ለሾፌሩ አቀብለዋለሁ፣ ይፈር ብዬ፣ አንድ ሰው እንኳ ይፈርለት ብዬ። ሾፌሩ ከነአረፋው ያያል፣ ደግሞ ያያል፣ ትከሻው መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

እንግዲያው ያገባት እሱ ነዋ፣ ይላል።

ይስቃል፣ አረፋው ጨርቁ ላይ ይንጠባጠባል፣ ቀጭኑማ ስቷል፣ ግንቡ ነው አስተካክሎ ያገባለት፣ ይላል፣ መምህሩ፣ ስለ ተከላካይ ሲሟገቱ የቆዩት ሰውዬ፣ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ፣ እሳቸውም ይስቃሉ፣ ላክልኝ ጋሼ፣ ለልጆቹ ላሰራጭላቸው፣ ይላል ሾፌሩ፣ ይልኩለታል፣ አየሁ፣ ጣቱ ሲጽፍ አየሁ፣ ግንቡ በራሱ ላይ አገባ።

ምላጩን አስቀምጬ በጓዳ በር እወጣለሁ፣ ማጠቢያው ጋ፣ እርጥብ ፎጣዎቹ መሃል፣ እደውላለሁ፣ አያነሳም ብዬ ነው የምደውለው መሰለኝ፣ ያነሳል።

አቤት፣ ይላል። ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው።

አየሁት፣ እለዋለሁ፣ ቪዲዮ ወጥቷል፣ ነክተሃታል፣ በሰዓቱ ነበርክ። ከኋላው የጋሪ ጎማ ሲጥ ሲጥ ይላል። ለሰው ተናገርክ፣ ይለኛል። እዚህ ሁለት ደንበኞች ነበሩ፣ እላለሁ። ሳቁ፣ ይላል፣ ጥያቄ አይመስልም።

ላንተ ብቻ የነገርኩህ ለዚህ ነበር፣ ይላል።

ቁጣ ቢኖርበት ጥሩ ነበር፣ ቁጣ የለበትም፣ ከባድ ዕቃ አስቀምጦ የሚተነፍስ ሰው ድምፅ ነው፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ይላል፣ ይዘጋል። ያውቅ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ቢነግራቸው ዘገየ ከሚሉት የባሰ እንደሚሉት ያውቅ ነበር፣ ስለዚህ ዘግይቷል እንዲሉት ተዋቸው፣ እውነቱን ግን የሚነግረው አንድ ሰው መረጠ፣ ምግብ እያላመጠ የሚስቅ ሰው መረጠ። ከውስጥ ሾፌሩ አረፋው ደረቀብኝ እኮ እያለ ይጠራኛል፣ መጣሁ እላለሁ፣ አልንቀሳቀስም፣ ስልኩን አየዋለሁ፣ አርባ አንድ ሰከንድ ይላል፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ካወራነው ሁሉ ይሄ ረጅሙ ነው፣ ይቅርታ የሚል ቃል ግን አላስገባሁበትም፣ ቦታማ ነበረው፣ እሱ ሥራ ላይ ነኝ ብሎ ሳይዘጋው በፊት፣ ትንሽ ቆይቶ ነበር፣ ጎማው ቆሞ፣ እየተነፈሰ፣ እየጠበቀኝ