የቆሮሶው ጓደኛ

ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር፤ ከሐይቁ የተነሣው የክረምት ጉም መስታወት በሌላቸው መስኮቶች እየገባ ሳሎኑን ሞልቶታል።

ፈሂማ ከመኝታዋ ስትወጣ እናቷን ዋሲላን እንደ ወትሮው ከዓሣው የመስታወት ሳጥን ፊት ተቀምጣ አገኘቻት። ትናንት የገባው ዓሣ ሞቷል። ክንፉ ተተልትሎ፣ ቅርፊቱ ተነቅሎ፣ በጎኑ ተንሳፍፏል። ነባሩ ቆሮሶ አሸዋው ላይ የቆፈራትን ጉድጓድ እየዞረ ይጠብቃል።

«ይኸም አልነገረኝ» አለች ዋሲላ። «ከሐይቁ ነው የመጣኸው፣ ልጄን አይተኸዋል ወይ አልሁት። ዝም እንዳለ ሞተ።»

ልጇ ሰዑድ የፈሂማ ታናሽ ነው። ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ በገባበት ጥቅምት ከጓደኛው ከኸሚስ ጋር መረብ ሊያነሣ በጀልባ ወጣ፤ ኸሚስ ብቻውን ተመለሰ። በተኩሱ መኻል ተለያየን አለ፤ ሌላ አልጨመረም። መርዶ ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ሰደቃም አላወጡም። ዋሲላ ከምሳው የልጇን ድርሻ ታነሣለች፤ ሲመሽ ለድመቷ ትሰጣታለች።

ሳጥኑም የሰዑድ ነው። ፈሂማ ሳውዲ፣ ደማም በሰው ቤት ስትሠራ የአሠሪዎቿን ዓሦች የምትመግብ እሷ ነበረች። በስልክ ብታሳየው ጊዜ ቀና፤ ደሴ ወርዶ መስታወት አስቆርጦ አሠራው። ከባድ መሣሪያ የቤቱን መስኮት ሁሉ ሲያረግፍ ሳጥኑ ብቻ ሳይሰነጠቅ ተረፈ፤ ፈሂማ ስትመለስም ደርቆ ጠበቃት። እናቷ ጎሕ ሲቀድ ወደ ሐይቁ ዳር መውረዱን ትታ ከቤት ትውል እንደ ሆነ ብላ ውኃ ሞላችው፤ ዓሣ የሚያመጣላት ኸሚስ ነው። ዋሲላ በእርግጥም ከቤት ዋለች። ነገር ግን ዓሦቹ አልስማማ አሉ።

የወንድሟ ምክር በስልኳ ውስጥ አለ። በድምፅ የተላከው ጦርነቱ ከመድረሱ በፊት ነው። «ፈሂሜ፣ ሳጥኑ ጠባብ ነው፤ ሁለት ወንድ አይችልም። ቆሮሶ ርስቱን አያካፍልም። አንድ ወንድ ካስገባሽ የቀሩት ሴት ይሁኑ። አምባዛንማ እንዳታስቢው፤ ሲያድግ ሁሉንም ይውጣቸዋል። ግድ የለሽም፣ እኔ መርጬ አመጣልሻለሁ።» ድምፁ ባለቀ ቁጥር ዋሲላ «እሺ ልጄ» ትላለች።

ረፋድ ላይ ኸሚስ ባልዲውን አንጠልጥሎ ከደጅ ቆመ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እማ ዋሲላ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ዛሬስ ምን አመጣህ?»

«ዓሣ።»

«ዓሣማ ዓሣ ነው። እኔ የማውቀው ግን ሲጠበስ ነበር እንጂ እንደ ሙሽራ ተቀምጦ ሲታይ አልነበረም» ብላ ሣቀች። ኸሚስ አብሯት ሊሥቅ ሞከረ፤ ፊቱ እንቢ አለው።

ፈሂማ ባልዲውን ተቀብላ ወደ ጓሮ ወሰደችው፤ እሱም ተከተላት። መዳፍ የማይሞላውን ቆሮሶ አውጥታ በእጇ ገልብጣ ሆዱን አየች፤ ጉሮሮው መቅላት ጀምሯል።

«ዛሬም ወንድ?»

«ተሳስቼ ይሆናል።»

«አንተ ነህ የምትሳሳት? ዓይኑን ጨፍኖ ወንዱን ከሴቷ ይለያል እያለ ሰዑድ የሚያወራልህ?»

«እንግዲህ የደማም ዓሣ ሐኪም ከመጣች እኛ ምን እናውቃለን» አለ።

ፈሂማ የሞቱትን በልቧ ቆጠረቻቸው። የትናንቱ ወንድ ነበር። ከእሱ በፊት የመጣውም ወንድ ነበር። ከዚያ በፊት የመጣውም።

«ኸሚስ፣ ሴት ብታመጣ ምን ይሆናል?»



«ይስማማሉ።»

«ታዲያ?»

«ከተስማሙማ በምን ምክንያት እመጣለሁ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወላሂ ለእናትሽ ልነግራት ነው የምመጣው። ከቤት ስወጣ ዛሬስ እላለሁ። ከደጁ ስደርስ ምን አመጣህ ትለኛለች። ይኸው፣ ባልዲውን አሳያታለሁ።»

ፈሂማ ዓሣውን ወደ ውኃው ለቀቀችው። እጇ እስከ አንጓዋ ባልዲው ውስጥ ቀረ።

«ሰዑድን አይተኸዋል?»

«በእጄ ይዤው ነበር። ከተመታ በኋላ ብዙም አልቆየ። ከበደኝና ውኃው ወሰደብኝ።»

ይህን ጊዜ ከሳሎን የሰዑድ ድምፅ ተሰማ። ዋሲላ ስልኩን መንካት ለምዳለች። «...ግድ የለሽም፣ እኔ መርጬ አመጣልሻለሁ።»

«እሺ ልጄ።»

ኸሚስ ወደ ግድግዳው ዞረ። ፈሂማ እጇን በቀሚሷ አደረቀች።

«መርዶ አንድ ሰው ብቻውን አይናገረውም» አለችው። «አንተ የማትችለውን ልትችል ስትለፋ ከረምህ። ሸህ ሀሚዱን ይዘህ ና። ጎረቤታችንን ጋሽ ባዬንም ጥራቸው፤ ሰዑድ ለእሳቸውም እንደ ልጃቸው ነበር። ነገ በማለዳ፣ እናቴ እህል ሳትቀምስ።»

«ይኸንንስ?»

«ወደ ነበረበት መልሰው።»

ማግሥቱን ጉም አልነበረም፤ የአምባሰል ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። ዋሲላ ከሳጥኑ ፊት ተቀምጣለች። ቆሮሶው ብቻውን ጉድጓዱን ይዞራል። ፈሂማ ከኋላዋ ቆማ እጆቿን ወደ እናቷ ትከሻ አቅርባለች፤ ገና አልነካቻትም።

በሩ ተንኳኳ። ሸህ ሀሚዱ ገቡ፤ ጋሽ ባዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከተሉ። ከኋላቸው ኸሚስ ነበር።

«ዛሬስ ምን አመ...» አለች ዋሲላ።

ኸሚስ ባልዲ አልያዘም ነበር።