ባዶ ነው የተባለ ጠመንጃ

እና ደግሞ ይኼኛው፣ በራሱ ፎቶ ፋንታ አንበሳ የለጠፈው ሰውዬ፣ ሽማግሌ ማረም ከየት ተማርክ ብሎ ጽፏል፣ ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረዋል፣ እሺ ሳቁ፣ ሙሐመድሳኒ የሸቤው ሚኒባስ ውስጥ በሁለት ወፋፍራም ሰዎች መሀል ተጣብቆ ስልኩን ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፣ ሊመልስለት ጣቱን ይበላዋል፣ ወንድሜ እኔ ማንንም አልሰደብኩም ብሎ ይጀምራል፣ ኔትወርክ ሄደ። ኤጭ። ልክ ሊልከው ሲል። ሰቃ ሲደርሱ ይመለስ ይሆናል፣ ካልተመለሰም አይመለስ፣ ዛሬ መልስ የሚሰጠው ለአንበሳው አይደለም፣ ለራሳቸው ለአባቦራ ነው፣ ፊት ለፊት፣ ያ ረቢ፣ ፊት ለፊት።

ልቡ ይደልቃል። ፈርቶ ነው? አይደለም፣ ፍርሃትን ያውቀዋል፣ ፍርሃት ሆድ ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ይኼ ደረት ላይ ይሞቃል፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ሲቁለጨለጭ ቆይቶ ግባ እንደተባለ ኳስ ተጫዋች፣ እግሩ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎታል፣ አጠገቡ ያሉት ሴትዮ ልጄ ሽንትህ መጥቶ ነው ወይ ብለው እስኪጠይቁት ድረስ፣ አይ እናቴ ደህና ነኝ፣ ደህናማ ነው፣ እንዲህ ደህና ሆኖ አያውቅም።

ሲጀመር ምን ጻፈ? የጅማ ጠመንጃ ወዳጆች በሚባለው የፌስቡክ ግሩፕ ውስጥ ሁሉም ዓይነት ሰው አለ፣ ቡናውን ከከርከሮና ከዝንጀሮ የሚጠብቅ ባለፈቃድ ገበሬ አለ፣ የድሮ አዳኝ አለ፣ ጠመንጃ በፊልም ብቻ አይቶ ስለ ምንሽርና ስለ ክላሽ ሌክቸር የሚሰጥ የካፌ ጀግናም ሞልቷል፣ አባቦራን የማይወድ ግን የለም፣ የሸቤው አባቦራ፣ ነጭ ጢማቸውን እያሻሹ ምንሽራቸውን ሲወለውሉ ልጃቸው ዙሀራ በስልክ ትቀርጻቸዋለች፣ ግሩፑ ላይ ትለጥፈዋለች፣ አገር ያጨበጭባል፣ እሱም ያጨበጭባል፣ ወላሂ ያጨበጭባል። ያለፈው ቪዲዮ ላይ ግን አባቦራ ባዶ ነው ብለው ጠመንጃውን ለአንድ እንግዳ ሰጡት፣ እንግዳውም ሳይከፍት ሳያይ ተቀብሎ አወዛወዘው፣ አፈሙዙ ዙሀራ ላይ፣ ማለት ካሜራው ላይ፣ ማለት እሱ ላይ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ስልክ ጥገና ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ እያየ ጎንበስ አለ፣ በቪዲዮ ጎንበስ፣ ደንበኛው ሳቀበት። እና ጻፈ። አባቦራን እንደ አባቴ አከብራለሁ፣ ነገር ግን ጠመንጃ ባዶ ነው ስለተባለ አይታመንም፣ የሰጠው ማንም ይሁን ማን የተቀበለ ሰው ከፍቶ ይይ። በቃ። ይኼው ነው።

ከዚያማ ወረዱበት። አንተ ስልክህን ጠግን። ምንሽር ከመጥረጊያ ለይተህ ታውቃለህ? የአባቦራ ቃል ካንተ ፍተሻ ይበልጣል። አንዱ በኦሮምኛ ዲሲ፣ ዲሲ፣ ተወው፣ ልጁ ነጎድጓድም ያስፈራዋል ብሎ ቀለደ፣ አንዷ ብቻ እውነቱን ነው አለች፣ እሷንም ወረዱባት። እሱም መለሰ፣ ለሁሉም መለሰ፣ እየጣፈጠው፣ አዎ ይጣፍጣል፣ ለምን ይዋሻል፣ ስልኩ ጢዝ ባለ ቁጥር ደሙ ይነሳል፣ እውነት ለመናገር ነው ወይስ ለማሸነፍ? ሁለቱም ቢሆንስ? ሁለቱም ሊሆን አይችልም?

ግን ሀቢቡላህ አለ። የአጎቱ ልጅ፣ ሰቃ ሠርግ ላይ፣ ባዶ ነው ባዶ ነው እየተባለ ከእጅ እጅ ሲዞር በነበረ ጠመንጃ ጭኑን የተመታው፣ ዛሬም ሲራመድ አንድ እግሩን ከኋላው የሚጎትተው። ትናንት ሊሰናበተው ሄዶ ነበር፣ ሀቢቡላህ ኮሜንቶቹን እያነበበ ሳቀ፣ ከዚያ አልሳቀም፣ የሰጠኝ ሰው ዋሽቶ አልነበረም እኮ፣ እውነት ባዶ መስሎት ነው፣ አለው።

እውነት መስሎት። ይኼ ነው ነገሩ፣ ይኼን ነው የሚላቸው፣ ግን እንዴት ብሎ? ዙሀራ የላከችው መልእክት አጭር ነው፣ አባቴ ኮቱ፣ ና ይልሃል፣ ፊት ለፊት ንገረኝ ይልሃል። ተቆጥተው ነው? አይታወቅም፣ እናቱ አትሂድ አለች፣ ትልቅ ሰው ቤት ሄደህ አላመንኩዎትም ልትል ነው? ትከሻቸውን እስማለሁ እማዬ። ስመህስ? ስሜስ... ሰቃ አለፈ፣ ኔትወርክ ሳይመለስ አለፈ፣ መንገድ ዳር ቀይ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፣ ሸቤ፣ ሸቤ ወራጅ፣ ወራጅ አለ።

እና አባቦራ በራቸው ላይ ቆመዋል። በቪዲዮ ግዙፍ ናቸው፣ እዚህ ትከሻው ጋ ናቸው፣ አሰላሙ አለይኩም፣ ወአለይኩም ሰላም፣ ገባ በል፣ ትከሻቸውን ይስማል፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ። አባትህ ደህና ነው፣ የሰቃ ቡና ዘንድሮ እንዴት ነው፣ ዝናቡ አበባውን አራገፈው ወይ፣ ስለ ነገሩ ምንም፣ ምንም አይሉም፣ ሻይ ይመጣል፣ ዳቦ ይመጣል፣ እሱ ሚኒባስ ውስጥ የደረደረው ንግግር ምላሱ ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል፣ አባቦራ፣ ስለዚያ ስለጻፍኩት፣ ይላል በመጨረሻ። ጠጣ፣ ይሉታል፣ ሻይህ ይቀዘቅዛል።

ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳል፣ ምላሱ ይቃጠላል። አባቦራ ዙሀራን ይጠራሉ፣ ዙሀራ ስልኳን ይዛ ትመጣለች፣ ረጅም ልጅ፣ ዓይኗን ከሱ ታሸሻለች፣ እሳቸው ጓዳ ገብተው ይወጣሉ፣ ምንሽሩ፣ ራሱ ምንሽሩ፣ እንጨቱ ከእጅ ብዛት የጠቆረ፣ አፈሙዙን ወደ ጭቃው ግድግዳ አድርገው በሁለት እጃቸው ይዘረጉለታል።

ባዶ ነው ልጄ። ያዝ።

ዙሀራ እየቀረጸች ነው። እሱ ብድግ ብሎ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ከባድ ነው፣ አባቱ ቡናውን ከሚጠብቅበት ጠመንጃ ይከብዳል፣ አሁንስ? አሁን ከከፈተ በገዛ ቤታቸው፣ በልጃቸው ፊት፣ ሻያቸውን ጠጥቶ፣ ዋሹ ማለቱ ነው፣ ካልከፈተ የጻፈው ሁሉ የካፌ ወሬ ነው፣ አንበሳው አሸነፈ ማለት ነው፣ አንበሳው ምን አገባው አሁን፣ አንበሳው እዚህ የለም፣ እዚህ ያሉት እኚህ ሰው ናቸው፣ የሚያዩት፣ ዓይናቸው አይቆጣም አይስቅም፣ እውነት ባዶ መስሏቸው ቢሆንስ፣ መስሏቸው፣ የሀቢቡላህ ጭን፣ ላብ፣ እጁ ከሱ ቀድሞ ይወስናል፣ መቀርቀሪያውን ያነሳል፣ ይስባል፣ ቀጭ። ያያል። ትንሽ ጣቱን ይከታል።

ባዶ ነው።

ባዶ ነው በእርግጥ፣ እንዳሉት፣ ወይኔ፣ ፊቱ ይነድዳል፣ ቀና ሲል ዙሀራ ስልኳን አውርዳለች፣ በሌላ እጇ አፏን ይዛለች፣ ውጭ ፍየል ትጮሃለች።

አላመንከኝም፣ ይላሉ አባቦራ።

እርስዎንማ አምናለሁ፣ ይላል፣ ጠመንጃውን ነው ያላመንኩት።

አባቦራ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ መልስ ማለታቸው ነው፣ ተባረርኩ፣ በቃ ተባረርኩ፣ መቀርቀሪያውን ይዘጋል፣ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው ይዞ ይመልስላቸዋል፣ ባዶ ነው አባቦራ፣ ይላል፣ ሌላ ምን ይላል። ይቀበሉታል። ከዚያ ያ ያረጀ እጅ መቀርቀሪያውን ያነሳል፣ ይስባል፣ አባቦራ ጎንበስ ብለው፣ ደህና አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት እያደረጉ ወደ ውስጥ ያያሉ፣ ቦታው ስለጨለመባቸው ወደ በሩ ብርሃን ዞር ብለው ደግመው ያያሉ፣ የሙሐመድሳኒ ደረት ውስጥ ያ ሙቀት ተነስቶ ጆሮው ድረስ ይደርሳል፣ እየሳቀ ነው? እየሳቀ ነው፣ ያለ ድምፅ፣ መቆም አልቻለም፣ አልተቀየሙም፣ አልተቀየሙም እኮ።

ለምን አወረድሽው? ይላሉ ዙሀራን።

አባ፣ ይኼ ቢለጠፍ ሰው ይስቅብናል።

ይሳቅ። እንደገና እንቅረጸው።

ዙሀራ አባቷን ታያለች፣ እሱን ታያለች፣ አሁን ዓይኗን አታሸሽም፣ ስልኩን ቀስ አድርጋ ታነሳለች። አባቦራ ጢማቸውን ያሻሻሉ፣ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፣ አንተም እዚያው ቁም፣ እንደቅድሙ፣ እሱም ይቆማል፣ ጥርሱ አልከደን ብሎት፣ እሳቸው ጠመንጃውን በሁለት እጃቸው ይዘረጋሉ፣ ካሜራው እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ ባዶ ነው ልጄ፣ ያዝ፣ ይላሉ፣ እና እስኪጠራጠራቸው ይጠብቃሉ።