የጓያው ውኃ

በየት በኩል ገብቶባት ይሆን? እመት ታንጉት የልጅ ልጃቸውን እግር እያሹ ከሰኞ ጀምሮ ይህንኑ ይጠይቃሉ። የአሥራ ሁለት ዓመቷ አደይ በጣቷ ጫፍ ብቻ ነው የምትረግጥ፤ ጉልበቶቿ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

ጣሊያን አዝመራውን ካቃጠለው ወዲህ ከቡሬ በላይ ባለው አገር ከጓያ በቀር እህል የለም። ጓያ እግር እንደሚይዝ ደግሞ የማያውቅ የለም። እመት ታንጉት ተጠንቅቀው ነበር። ድስቱ ሲፈላ እንፋሎቱ እንዳያገኛት ልጅቱን ከደጅ ያስቀምጧታል፤ በጓያው ገለባ ላይ እንኳ አላስተኟትም።

ዛሬ የወንድማቸው ልጅ ገብረሰንበት ከጫካ መጣ። ከወረራው በፊት አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ሁለት ዓመት የምግብንና የበሽታን ነገር የተማረ ነው። ለቁስለኛው ሁሉ «ጎመን ብላ» ስለሚል አርበኞቹ «ሐኪም ጎመን» ይሉታል።

የአደይን ጉልበት ነካክቶ፣ «አክስቴ፣ ጓያውን እንዴት ነው የምትሠሩት?» አለ።

«ቀቅዬ ነዋ! በቅቤ ላቁላላው ኖሯል?»

«ውኃውንስ?»

«ለአደይ! እኛ ፍሬውን፣ እሷ ወዙን። በዚህ ክፉ ቀን ወዝ ይደፋል እንዴ?»

ገብረሰንበት አቀረቀረ። «ጉዳቱ ከእንፋሎቱ አይደለም፣ አክስቴ። መርዙ ወደ ውኃው ነው የሚወጣ። የሚደፋው እሱ ነበር።»

ሁለት ወር ሙሉ፣ ጧትና ማታ፣ «ጠጪ፣ ዓለሜ፣ እንዳታስተርፊ» እያሉ በቅል ያጠጧት ሁሉ ታወሳቸው።

«ይመለስላታል?»

«የሄደው እንጃ። እንዳይብስ ግን ጓያ ይቅርባት። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ወተት...»

«ከየት አባቴ ላምጣው!» ብለው ጮኹ። «ከብቱን ነዱት፣ ጎተራውን አነደዱት! ስንዴ ያለው ቡሬ ምሽግ ነው፤ እሱም ለጣሊያን ለገባ ሰው!»

የአደይ እናት ሀብትነሽ እስካሁን ከምሰሶው ሥር ተቀምጣ ነበር። ባሏ ክንዱ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ነው፤ ለጣሊያን የገባ ዘመዱን በገዛ ጥይቱ እንደሚጥል ምሏል። ተነሣች። ባዶውን አቁማዳ አጥፋ ከመቀነቷ ሻጠች፤ ልጇን አዘለች። የአደይ እግሮች ተንጠለጠሉ።

«ወዴት ነው፣ ልጄ? በሞቴ!»

እመት ታንጉት ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ፤ መልሰው ሰበሰቡት። ገብረሰንበት ጠመንጃውን አየ፤ አላነሣውም። ሀብትነሽ ከበሩ ጎንበስ ብላ ወጣች፤ ወደ ቡሬ ምሽግ የሚወርደውን መንገድ ያዘች።